በልጄ ብለህ ማል

መንግሥት ጠፋ ሲባል የሰማሁ ቀን፣ ነገሩ እንደ ጎረቤታችን ድመት መስሎኝ ነበር። ድመቷም ትጠፋለች፤ ሲርባት ትመጣለች። ስለዚህ አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም ከሰፈሩ ልጆች ቀድሜ ፍለጋ ወጣሁ። ዋናው መንገድ ዳር ሰማያዊ በር ያለው ትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር፤ መንግሥት የሚኖረው እዚያ ነው ብዬ ነበር የማስበው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገባሁ። አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የደረቀ የቀለም ጠርሙስ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ክንፏን አንጥፋ የተኛች ዶሮ። ተመልሼ ለልጆቹ «አገኘሁት፤ እንቁላል ልትጥል ተቀምጣለች፤ አትረብሹኝ ብላለች» ብዬ ነገርኳቸው። አመኑኝም አላመኑኝም ሁሉም ሊያዩዋት ሄዱ።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ልጅ ነበርኩ። ሰፈሩ ሁሉ ሚስማር ይለኝ ነበር። አባቴ አናጺ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በማይፈለግ ቦታ ሁሉ ተሰክቼ ስለምገኝ ነው። ትምህርት ቤቱም ከመንግሥት ጋር አብሮ ስለተዘጋ ከፊደልና ከመደመር የዘለለ ነገር ሳልይዝ ቀረሁ። መቀነስ የሚጀመረው በሚቀጥለው ዓመት ነበር። ዛሬ የአባቴን መጋዝ ይዤ ስሠራ ደንበኞቼ ዋጋ ቀንሺ ሲሉኝ፣ እሱ ትምህርት ሳይደርሰኝ ነው የቀረው እላቸዋለሁ።

መንገዳችን ከላይ እስከ ታች የእጅ ሠራተኛ መንገድ ነበር። ዳኛውም ፖሊሱም የሄዱ ሰሞን ሰው ሁሉ በሩን ቆልፎ፣ ዱላውን ከአልጋው ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ሰፈሩን ከዚያ ፍርሃት ያወጣችው ያችው ዶሮ ናት። ሁለት ሴቶች የእኔ ናት፣ የእኔ ናት ብለው ጠጉር ለጠጉር ተያያዙ። ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ ወጣና ሁለቱንም ጎትቶ አስገባቸው፤ በየወንበሩ አስቀምጦ ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰረባቸው። እጃቸው ከጨርቁ ሥር ቀረ። ፊት ለፊታቸው ደግሞ መስታወት ነው፤ የሚያዩት የባላንጣቸውን ፊት ሳይሆን የገዛ ራሳቸውን። «በሉ አሁን ተሰዳደቡ» አላቸው። አንደኛዋ ለመጮህ አፏን ስትከፍት የራሷን ጥርስ አየችና አፏን ገጠመች ይባላል።

በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ የተጣላ ሁሉ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሦስት ሰው ይፈርዳል። አንደኛው ባለሱቁ ራሱ። ሁለተኛዋ አሮጊቷ አዋላጅ፤ የሰፈሩን ግማሽ በእጇ ስለተቀበለች ማንም ደፍሮ አይጮህባትም። ሦስተኛው ልብስ ሰፊው፤ አንድ ጆሮው ስለማይሰማ ከነገሩ ግማሹ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ለፍርድ ደግሞ ግማሹ ይበቃል ይሉ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ሰው እየገባ ጸጉሩን ሳይቆረጥ ሲወጣ ሳይ፣ ሰውዬው መቀሱ ጠፍቶበት ነው ብዬ አዝንለት ነበር።

ፍርዱን አልቀበልም ያለ አይታሰርም፤ የሚያስርም የለ። ሰፈሩ ይተወዋል እንጂ። ዳቦ ቤቱ አለቀ ይለዋል። ውኃ የሚያመላልሰው ሰውዬ በበሩ ሲያልፍ ቀና አይልም። አንድ የሰው በር ነቅሎ የወሰደ ሰው እንዲህ ተተወና ጢሙን የሚላጨው አጥቶ፣ አድጎ አድጎ ወፍ ጎጆ ሠራችበት። ጫጩቶቹ ክንፍ ሳያወጡ በሩን ተሸክሞ መለሰ። ጫጩቶቹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዷ ሸፋፋ ነበረች።

ዶሮና በር እንዲህ ያልቃል። ቤትና ቦታ ሲሆን ግን ደም ያለበት ነገር ነው፤ ለእሱ ሽማግሌዎቹ ሌላ መላ ነበራቸው። ያንን መላ ማንም አልነገረኝም። በራሴ ገባኝ። የገባኝ ግን ሌላ ነበር።

*

የእኛ ሱቅና የብረት ሠሪው ሱቅ ጎን ለጎን ነበሩ፤ መሃላቸው አንዲት ጠባብ ክፍል። እሷ ውስጥ ክር የምትሸጥ አሮጊት ትኖር ነበር፤ ዘመድ የላት፣ ወራሽ የላት። በዚያው ዓመት ሞተች። በተቀበረች ማግስት ጠዋት አባቴ ጣውላውን ተሸክሞ ወደ ክፍሏ ሲሄድ፣ ብረት ሠሪው ደግሞ የመስኮት ብረት ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን ልታደርግ ነው ወንድሜ?» አለ አባቴ።

«ዕቃዬን ላስገባ።»

«በማን ቤት?»

«በቤቴ።»

አባቴ ጣውላውን አወረደ። ብረት ሠሪውም ብረቱን አወረደ። ከዚያ አባቴ ወደ ሱቃችን ገብቶ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ፤ ያኛውም ትልቁን መዶሻ ይዞ ወጣ። እኔ አብረው ሊሠሩ መስሎኝ ደስ አለኝ። እናቴ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ መሃላቸው ገብታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቆማ አይደለም፤ ቁጭ ብላ። የብረት ሠሪው ሚስትም መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱ ወንዶች መሣሪያቸውን እንደያዙ ከሚስቶቻቸው አናት በላይ ሲፋጠጡ፣ አዋላጇ ከዘራዋን እያንኳኳች ደረሰች።

«ልጆቹን» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። «ዛሬውኑ ልጆቹን።»

እኔ በበኩሌ በዚያው ጠዋት ሌላ ጣጣ ነበረብኝ። የአባቴን ጫማ ወለሉ ላይ በሚስማር መትቼው ነበር። ሊያነሳው ሲታገል፣ ጫማው ሥር ሰዷል፣ በሚቀጥለው ዓመት ፍሬ ይሰጣል ብዬ ሳስረዳው፣ ራሱን ይዞ «አንቺ ልጅ፣ ምናለ እንደ እርግብ በሆንሽልኝ!» አለ። እርግብ የብረት ሠሪው ልጅ ናት። ስትሄድ ኮቴዋ አይሰማም፤ ስትጠራ «አቤት» ትላለች፤ እንዳነበብኩት ብላ መጽሐፍ ስታወራ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማታል። በዕድሜ እኩዮች ነን፤ በምግባር ግን እኔ የእሷን ውራጅ አላክልም ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ጸጉሬን አጥብቃ ጎነጎነችው። ቀሚሴን ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ብረት ሠሪው ቤት ትቆያለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ።»

«ምኑ?»

«ነገሩ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ስወጣ እርግብም ጥቅሏን ይዛ ከእነሱ ቤት እየወጣች ነው። በአሮጊቷ ክፍል በር ላይ ተላለፍን። አባቴ እሷን እጇን ይዞ አስገባት። እኔን ብረት ሠሪው እጄን ያዘኝ፤ መዳፉ እንደ ምጣድ ቂጥ ሻካራና ሙቅ ነበር። ያኔ ገባኝ። አባቴ ምኞቱ ደርሶለታል። ሚስማሯን ሰጥቶ እርግቧን ወስዷል።

*

ብረት ሠሪው ቤት ሁሉ ነገር የከሰል ሽታ ነበረው፤ ውኃው ሳይቀር። ወናፉ ሲነፋ ግድግዳው አብሮ የሚተነፍስ ይመስላል። ሰውዬው ግንባረ ሰፊ፣ ቅንድቡ በእሳት የተላጨ፣ ሳቅ የማያውቅ ነበር። እኔ ላይ ግን አንድ ጊዜ አልተቆጣም። ከድስቱ መጀመሪያ የሚወጣው ለእኔ ነው። ለስላሳው ፍራሽ የእኔ ነው። ሚስቱ፣ እትዬ እላት ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ራሷ ታጥበኛለች፤ ጉልበቴ ላይ ጭረት ካየች ትደነግጥና «ይሄ ከቤትሽ የመጣ ነው አይደል? እዚህ አይደለም የተጫርሽው?» ብላ አጥብቃ ትጠይቀኛለች። ሊያርዱኝ እያደለቡኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። በግ ላይ ሲደረግ አይቻለሁ።

ሊመልሱኝ የሚችሉበትን ነገር መፈለግ ጀመርኩ። የሰውዬውን ቆብ አመድ ሞላሁትና ብድግ አድርጎ ሲያጠልቀው አመዱ በጆሮው፣ በአፍንጫው፣ በጢሙ ወረደ። ሠራተኞቹ መዶሻቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። እኔ ለመሸሽ አንድ እግሬን በር ላይ አድርጌያለሁ። ብረት ሠሪው ዓይኑን ጠረገ። አየኝ። ጉንጩ እየተንቀጠቀጠ፣ «ጎበዝ» አለ። «ጎበዝ ልጅ።»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ዛሬ ሳስበው ሰውዬው ምን ያህል እንደታገለ ይገባኛል። የተለዋወጥነው ለዋስትና ነበር። ፍርዱ እስኪያልቅ የከሳሽ ልጅ በተከሳሽ ቤት፣ የተከሳሽም በከሳሽ ቤት ትቀመጣለች። በዋስ ልጅ ላይ እጅ አይነሳም፤ ጭረት የተገኘባት እንደሆነ ሙግቱ በዚያው ያልቃል፣ ያስጫረም ቤቱን ያጣል። ማንም ማንንም አያስፈራራም፤ የሚያስፈራራ አያስፈልግም። የጎረቤትህን ቤት በእሳት ልትለኩስ ክብሪት ስታነሳ፣ ልጅህ እዚያ ቤት ውስጥ ለስላሳው ፍራሽ ላይ መተኛቷን ታስባለህ። ያ ነበር የሰፈራችን ፖሊስ።

በጓሮው አጥር ቀዳዳ ቤታችን ይታያል። አንድ ቀን ሳሾልቅ አባቴ እርግብን ከጠረጴዛው አጠገብ አቁሞ መላጊያ ሲያስይዛት አየሁ። እጁን በእጇ ላይ አድርጎ ይገፋል። ከመላጊያው እየተጠቀለለ የሚወጣውን ስስ ልጣጭ አንስቶ ጆሮዋ ላይ እንደ ጉትቻ አንጠለጠለላት። እኔን መላጊያ አስነክቶኝ አያውቅም፤ ጣትሽን ትቆርጪያለሽ ይለኝ ነበር።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀና አለ። አጥሩን አየ፤ ቀዳዳውን አየ፤ ዓይኔን አገኘው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ውስጥ ገባ።

ከፍርዱ በፊት ወላጅና ዋስ ልጅ ቃል አይለዋወጡም፤ ወሬ እንዳይመላለስ። ይህን ከዓመታት በኋላ የነገረችኝ እናቴ ናት። ያን ዕለት ገብቶ ምን ሲያደርግ እንደነበረም ነገረችኝ። እንጨት ሳይኖርበት ጠረጴዛውን ራሱን ይልግ ነበር። ጠረጴዛው ዛሬም እኔ ጋ አለ፤ በአንድ በኩል ጎድጉዷል።

*

የፍርዱ ቀን እትዬ አዲስ ቀሚስ አለበሰችኝና እጄን ይዛ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወሰደችኝ። ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደራርቧል። እኛን ግን አሳለፉን። እናቴ እርግብን ይዛ ከበሩ በአንደኛው ወገን፣ እኛ በሌላው ወገን ቆምን። እናቴ በዓይኗ በላችኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ። እኔ ፊቴን አዞርኩባት። ቀድሜ አላናግራትም ብዬ ነው።

አባቴና ብረት ሠሪው ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ ነጭ ጨርቅ እስከ አንገታቸው ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። በመስታወቱ ውስጥ ራስ ብቻ ናቸው።

«ጨርቁ ጠበቀ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንገቴን ልትቆርጥ ነው ወይስ ጸጉሬን?» አለ ብረት ሠሪው።

«ጸጉር የታለህና!» አለ አንድ ሰው ከመስኮቱ። ሳቅ ሆነ።

«ምን አለ?» ልብስ ሰፊው ደህናውን ጆሮውን አዞረ።

«ዝም በሉ» አለች አዋላጇ፣ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ። «እናንተ ሁለታችሁም ቀና ብላችሁ ተቀመጡ። ሁለታችሁንም ራቁታችሁን፣ እያለቀሳችሁ ነው የማውቃችሁ። እኔ ፊት ጎበዝ አትሁኑብኝ። አንተ ተናገር።»

አባቴ ለመስታወቱ ተናገረ። «ጣሪያዋ ሲያፈስ እኔ ነኝ የመታሁላት። በሩን እኔ ነኝ የሠራሁት። ያን ጊዜ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ‹ከእኔ በኋላ ክፍሏ ያንተ ናት› አለችኝ። ሚስቴ አጠገቤ ነበረች።»

«አንተስ?»

«እኔን ጣሪያ አታስቆጥሩኝ» አለ ብረት ሠሪው። «የተኛች ጊዜ ማን አነሳት? ሾርባዋን ማን አጠጣት? ሚስቴ አንሶላዋን አጥባለች። በአልጋዋ ላይ ሆና እጄን ይዛ፣ ‹ከእኔ በኋላ ክፍሏ ያንተ ናት› አለችኝ። ቃል በቃል።»

«ያው አንድ ቃል ነው እኮ!» አለ ከመስኮቱ አንዱ።

«እንግዲያ ሟቿ ራሷ ትምጣና ትመስክር!»

«አንተ ሂድና ጥራት፤ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ አንድ እግርህ እዚያ ነው!»

አዋላጇ ከዘራዋን ወለሉ ላይ መታች። ሦስቱ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ፤ ልብስ ሰፊው ስለማይሰማ ሹክሹክታቸው ለሁላችንም ተሰማ። ሚስት ለባሏ አትመሰክርም። ሌላ ምስክር የለም። መሐላ ይሁን።

ፀጉር አስተካካዩ ከአባቴ ወንበር ጀርባ ቆመ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ደንቡን ታውቀዋለህ። እኔን ተከተለኝ። ‹ያልኩት ሐሰት ከሆነ ልጄን በቁም አያሳየኝ።› ስሟንም ጥራ። በልጄ በሚስማር ብለህ ማል።»

አባቴ ወደ መስታወቱ ቀና አለ። መስታወቱ ውስጥ በሩ ይታያል፤ በሩ ላይ እኔ። አዲሱ ቀሚስ፣ እትዬ የጎነጎነችው ጸጉር። በመስታወቱ በኩል ተያየን። በልጄ በል፣ አልኩት በልቤ። አንድ ጊዜ ልጄ በለኝና ሁሉም ሰው ይስማ። እኔም ከዚህ በኋላ ጫማህን አልመታውም።

«አልልም» አለ አባቴ።

«ምን አለ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«አልልም አልኩ።»

«ሐሰት ነው ማለት ነው?» ፀጉር አስተካካዩ ጠየቀ።

«እውነት ነው።»

«እንግዲያ ማል!»

«እውነት ነው፤ አልምልም።»

መስኮቱ ላይ ያለው ሰው እንደ ንብ ጉምጉም አለ። አዋላጇ አባቴን በመስታወቱ ትኩር ብላ አየችው። ደንብ ደንብ ነው። ወደ ሌላኛው ወንበር ዞሩ።

ብረት ሠሪው አልዘገየም። «ያልኩት ሐሰት ከሆነ ልጄን በቁም አያሳየኝ» አለ፣ መዶሻ እንደሚያሳርፍ ሰው። «በልጄ በእርግብ!»

የእትዬ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ገባ። እንዳላመልጥ አጥብቃ የያዘችኝ መሰለኝ። ቀና ስል እኔን አታይም፤ ማዶ እርግብን ነው የምታየው። እርግብ እንደ ወትሮዋ ጸጥ ብላ ቆማለች፤ ስሟ ሲጠራ እንዳስለመዷት «አቤት» አለች። አንድም ሰው አልሳቀም።

ክፍሏ ለብረት ሠሪው ተፈረደች።

በደንቡ የተሸነፈው ነው ጨርቁን ቀድሞ የሚፈታው፤ የሌላውን ልጅ በእጁ ይዞ ቤቷ ያደርሳል፤ ያኔ የራሱን ይረከባል። አባቴ ወጣና በአጠገቤ አልፎ የእርግብን እጅ ያዘ። በፊቴ! እኔ ደንቡን የት አውቄው። በሁሉም ሰው መሃል ሄዶ የብረት ሠሪው ደጃፍ ላይ ካቆማት በኋላ ወደ እኔ መጥቶ እጁን ሲዘረጋ፣ ወደ ኋላ ሸሸሁና የእትዬን ቀሚስ ጨበጥኩ።

«አልሄድም! እኔ የእነሱ ልጅ ነኝ! አንተ ስሜን እንኳ አልጠራህም!»

ሰፈሩ ሰማ። አባቴ ተንበረከከ። ጢሙ ላይ ሰጋቱራ ነበር። «እዚያ ቦታ ስምሽን አልጠራም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሌላ ቦታ የፈለግሽውን ያህል እጠራዋለሁ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ግን እትዬ ጣቶቼን ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ ፈታቻቸው፤ እያለቀሰች ነበር። እኔን ስላጣች የምታለቅስ መስሎኝ ኮራሁ።

ቤት እንደገባን እናቴ ድስቱን አስቀመጠች ከማለት ጣለችው ማለት ይሻላል። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ! አሮጊቷ ስትል አጠገብህ ነበርኩ! እውነትህን ነው እኮ፤ ምን ነበረበት ብትምል?»

«እውነት እውነት ነው» አለ አባቴ። «ልጅ ምራቂ አይጨመርበትም።»

ምራቂን አውቃታለሁ። ሽንኩርት ሻጯ ከመዘነች በኋላ ከላይ ጣል የምታደርጋት፣ አብዛኛውን ጊዜ የተጨማደደችው ናት። እንግዲህ እኔ ያቺ ነኝ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ አለቀስኩ።

*

መንግሥት ተመልሷል፤ ዛሬ ሰማያዊው በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል። አዋላጇ ገና በሕይወት ሳለች በልጅ መማል ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ እሷው ናት ያስቀረችው። በምትኩ ሁለቱም ተሟጋቾች አልለቅም ካሉ ክፍሉ ይታሸግ አለች። ለምን እንደሆነ ለማንም አላስረዳችም።

ያስረዳችኝ እርግብ ናት። ባለፈው ክረምት መደርደሪያ ልታሠራ ሱቄ መጣች። ጸጥታዋ እንዳለ ነው። መለኪያዬን ዘርግቼ እያለሁ፣ ድንገት፣ «ዛፍ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ አይደል?» አለችኝ።

«ከዛፍ ላይ ወርደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂኝ እንጂ! አንድ ጊዜማ ሳልወርድ አድሬ ጉጉት አማቷን አስተዋወቀችኝ።»

አልሳቀችም። «እኔ ወጥቼ አላውቅም። ወንዝ ገብቼም አላውቅም። ከዚያ ፍርድ ወዲህ አባቴ መንገድ እንኳ ብቻዬን አላሻገረኝም። ሳል ከያዘኝ መዶሻውን ጥሎ ይመጣ ነበር፤ ብረቱ እሳት ውስጥ ይቀልጣል። ትኩሳት የያዘኝ ጊዜማ አልጋዬ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ‹እንዲህ ነው ያለችው፤ በእርግጥ እንዲህ ነው ያለችው› ሲል እሰማዋለሁ። ለራሱ ነው የሚነግረው።»

«አልዋሸም እኮ።»

«አልዋሸም። ሁለታቸውም አልዋሹም። ሴትየዋ ለሁለቱም ብላለች፤ ደግ ለዋለላት ሁሉ ነበር የምትሰጠው። ግን አንድ ጊዜ ከማለ በኋላ አባቴ የሰማውን ራሱን ማመን አቃተው። ‹ደክሟት ነበር፤ ሌላ ነገር ብላ እኔ ባልሰማስ?› እማዬ ያቺን ክፍል አንድ ቀን አልረገጠቻትም። ሊሞት ሲል እንኳ እጄን ይዞ ‹ደህና ነሽ?› ይለኝ ነበር። የሚሞተው እሱ፤ ደህና ነሽ የምባለው እኔ።»

መደርደሪያውን ስንት ክፍል እንዲኖረው እንደምትፈልግ ጠየቅኋት።  

እሷ ከሄደች በኋላ ሥራ አልሠራሁም። የፍርዱ ማግስት ጠዋት ትዝ አለኝ። አባቴ ጣውላውን ከአሮጊቷ ክፍል ደጃፍ ሊያነሳ ሲሄድ እኔንም ጠራኝ፤ ጫፍ የሚይዝለት አልነበረውም። ሰፈሩ በየደጃፉ ቆሞ ያያል። በተሸነፈ ሰው ፊት ላይ የሚጠብቁት ነገር አለ፤ እኔም እየጠበቅሁ ነበር፤ እፍረት፣ ቁጣ፣ ቢያንስ ስድብ። አንዱም የለም። ያ ዝምተኛ ሰው በዚያ ጠዋት ከመንገዱ ላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው በሚሰማ ድምፅ ይጮህ ነበር።

«ሚስማር! ያንን ጫፍ ያዢ! ሚስማር! ቀና አድርጊው! ወዲህ ሚስማር! ሚስማር፣ እግርሽን! ጎሽ ሚስማር!»

ለእያንዳንዱ ጣውላ፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ። ፀጉር አስተካካዩ መላጫውን ይዞ በሩ ላይ ወጣ። አዋላጇ ከዘራዋ ላይ ተደግፋ ቆመች። አባቴ የመጨረሻውን ጣውላ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ፊቱ በላብ ወዝቶ፣ አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ እንኳ ሩቅ እንዳለች ልጅ ደጋግሞ ጠራኝ።

እኔ ጣውላው ከብዶት የሚጮህ መስሎኝ ነበር።